ሴቶችና ጌም በመሀል አዲስ አበባ

በመሀል አዲስ አበባ ጌም የሚጫወቱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ጥቂት የሚመስሉት ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ለሚቆጥር ሰው ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤት ብዙውን ጊዜ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ሂሳቡ በጨዋታ ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ከወንበሩ አይነሳም። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ እንዲህ ያሉ ቤቶች ነበሯቸው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙዎቹ ከነዋሪው ጋር ተበተኑ።

ሴት ልጅ እዚያ እንዳትገባ የሚከለክል ሕግ የለም። አስቸጋሪው በሩ ነው። ተራ የሚጠብቁ ልጆች ደጁ ላይ ይደረደራሉ፤ ለከፋውም እዚያው ይጀምራል። ገብታ ብታሸንፍ ተሸናፊው «በሴት ተበላህ» እየተባለ ይሰነብታል፣ ስለዚህ የሚገጥማት ይጠፋል። ብትሸነፍ ደግሞ «ድሮስ!» ነው። ከወንድሟ ጋር ከመጣች ይቀልላታል። ጎበዝ ከሚባሉት ብዙዎቹም ጆይስቲክ የያዙት ቤት ውስጥ፣ ከወንድም እየተሻሙ ነው።

ልማዱ ከጌም ይቀድማል። በየሰፈሩ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ የሴት፣ ብይና ጆተኒ የወንድ ነበሩ። የሴቷ ጨዋታ እናቷ ስትጣራ ከሚሰማበት አይርቅም። ጆተኒ ግን መንገድ ዳር፣ ሱቅ ደጃፍ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት የጆተኒን ቦታ ሲወርስ ደንበኛውንም አብሮ ወረሰ።

ስማርት ስልክ ሲመጣ በሩን ማለፍ ቀረ። ካንዲ ክራሽና ሳብዌይ ሰርፈርስ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ይጫወቷቸዋል። የሚገርመው፣ መቶ ምናምን ደረጃ ያለፈች ልጅ ራሷ «እኔ ጌም አልጫወትም» ትላለች። ጌም ማለት ኳስና ተኩስ ነው ተብሎ ስለተያዘ ነው። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር እየተነጋገሩ የሚታኮሱበትን ፐብጂ የሚጫወቱት ደግሞ ማይክ ማጥፋት ይለምዳሉ፤ የሴት ድምፅ ከተሰማ ጨዋታው ቀርቶ ወሬው ስለ እሷ ይሆናል።

በጌሞቹ ውስጥ ያለችው ሴት የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ልዕልቷ የምትታገት ናት፤ ሥራዋ መዳን ብቻ ነው። በ1986 ሜትሮይድ ላይ ጥሩር የለበሰው ተዋጊ መጨረሻ ላይ ሴት ሆኖ ይገኛል። ጥሩ ነበር፣ ቶሎ ለጨረሰ ተጫዋች ሽልማቱ ልብሷን ቀንሳ መታየቷ ባይሆን። የ1996ቷ ላራ ክሮፍት በቱም ሬይደር ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነች፣ ግን ገበያ የወጣችው በጡቷና በቁምጣዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ሰው ተስላ፣ ቆስላና ፈርታ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በወጣው የወንበዴዎች ጌም ጂቲኤ 5 ግን ታሪኩን የሚመሩት ሦስቱም ወንዶች ናቸው፤ ሴቶቹ ሚስት፣ ጨቅጫቃ ወይም መንገድ ዳር ቆመው ገላቸውን የሚሸጡ ናቸው። ለመሀል ከተማ ልጆች ከላራ ይልቅ የሚታወቀው ይሄኛው ነው፣ ያሳዝናል።

አዲስ አበባን በቅርብ የሚነካው ግን የኳሱ ጌም ፊፋ ነው። ሴቶች የገቡበት እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ፊፋ 16 ሲሆን፣ ከ12ቱ ብሔራዊ ቡድኖች አንድም አፍሪካዊ አልነበረም፤ ሉሲዎቹ የሉበትም። የሴት ክለቦች የመጡት እ.ኤ.አ. በ2022 በፊፋ 23 ነው። አሮጌ ማሽን ያለው ቤት ይህ አይደርሰውም። አዲስ ያለው ጋ ደግሞ የአርሰናል ሴቶች ቡድን አለ፣ ከተማዋም በአርሰናል ደጋፊ የተሞላች ናት። ሆኖም በተለመደው የክለብ ግጥሚያ ጌሙ የሴት ቡድንን ከወንድ ቡድን ጋር አያጋጥምም። የሴት ቡድን የመረጠ ሰው መጀመሪያ ባላጋራውም የሴት ቡድን እንዲይዝ ማሳመን አለበት፣ ያውም ተሸናፊ በሚከፍልበት ቤት።