ከመንገዱ ጋር ራሱን የሚያስማማ ሰስፔንሽን

አንድ የመኪና ጎማ አስፋልቱን የሚነካው መዳፍ በምታክል ቦታ ብቻ ነው። ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት በእነዚያ አራት መዳፎች ነው። ጎማው ለአፍታ ከመሬት ከተነሳ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ሰስፔንሽን (ቦዲውን ከጎማው ጋር የሚያያይዙት ሞላና ሾክ አብዞርበር) ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምቾትን ነው፤ እኔ ግን ጎማውን ከመሬት አለማላቀቁን አስቀድማለሁ።

ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፣ ጉብታውንም ይውጣል። ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ሞላው ደጋግሞ እንዳይነጥር ያረጋጋዋል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ተገዶ ያልፋል። ቀዳዳው ሲሰፋ ሾክ አብዞርበሩ ይለሰልሳል፤ ኮረኮንቹ ብዙም አይሰማም፣ ኩርባ ላይ ግን መኪናው ጋደል ይላል፣ ፍሬን ሲያዝም ፊቱ ይደፋል። ቀዳዳው ሲጠብ መኪናው ረጋ ብሎ ይታጠፋል፣ ጉድጓዱ ሁሉ ግን ወገብ ላይ ያርፋል። ከልክ በላይ ሲጠነክር ደግሞ ጎማው ራሱ በሸካራ መንገድ ላይ ይዘላል። በተለመደው መኪና ይህ ምርጫ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ተወስኖ ያልቃል።

አዳፕቲቭ፣ ማለትም ራሱን የሚያስማማ ሰስፔንሽን ግን በየቅጽበቱ ይወስናል። ሴንሰሮች የቦዲውንና የጎማውን እንቅስቃሴ፣ የመሪውን መዞርና የፍሬኑን ግፊት ይለካሉ። ኮምፒውተሩም እያንዳንዱን ሾክ አብዞርበር ለብቻው ያጠብቃል ወይም ያላላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ትእዛዙ በሰከንድ መቶኛ ከደረሰ መኪናው የሄደው 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው ጉድጓዱን ተሻግሮ ሳይጨርስ መልሱ ደርሷል ማለት ነው።

በጣም የምወደው አሠራር በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ካዲላክ ሴቪል በተባለው መኪና ላይ የወጣው ነው። ዘይቱ ውስጥ ደቃቅ የብረት ብናኝ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍና ማግኔት ሲፈጠር ብናኙ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል፣ ዘይቱም ይወፍራል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ወዲያው ይቀጥናል። የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አያስፈልገውም።

ራሱን የሚያስማማ ሰስፔንሽን የመሥራቱ ሐሳብ የቆየ ነው። ሲትሮየን በ1955 ዲ.ኤስ. በተባለው መኪናው በብረት ሞላ ፈንታ ጋዝና ዘይት ተጠቀመ፤ ጭነት ቢበዛም መኪናው ከፍታውን ይጠብቅ ነበር። በ1970ዎቹ ደግሞ ተመራማሪዎች መኪናው እንዳይናወጥ በሰማይ ላይ በተሰቀለ ሾክ አብዞርበር የተያዘ ቢሆንስ ብለው አሰቡ። እንዲህ ያለ መንጠቆ የለም፤ ስሌቱ ግን እስከ ዛሬ በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ይሠራል።

አዳፕቲቭና አክቲቭ አንድ አይደሉም። አዳፕቲቩ እንቅስቃሴን መቋቋም ብቻ ይችላል፤ አክቲቩ በራሱ ጉልበት ቦዲውን ይገፋል፣ ይስባልም። የእሽቅድምድም ቡድኑ ዊልያምስ በ1992 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነው በአክቲቭ ሰስፔንሽን ነበር፤ ከ1994 ጀምሮ ግን ተከለከለ።

ይህ ሁሉ ጥበብ የተበላ ጎማን አይተካም። ዘይት ያፈሰሰ ሾክ አብዞርበርም ኮምፒውተሩ ቢያዘው አይታዘዝም። ደግሞ የሚደክመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ሾፌሩ ሳያውቀው ይለምደዋል። ስለዚህ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሾክ አብዞርበሩን ማየት ነው፤ አካሉ ላይ የዘይት እርጥበት ካለ ማስቀየሪያው ደርሷል።