«ፋላሲ ኦፍ ኮምፖዚሽን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣን አንድ የተማረ ሰው፣ «ጆን ስቱዋርት ሚልን የአንደኛ ዓመት ተማሪም በፋላሲ ይጥለዋል» አለ፤ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሚል በአመክንዮ ሕጸጽ (ፋላሲ) ተሳስቷል ማለቱ ነው። ነገሩን የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ባለፍኩት ነበር፤ ሎጂክ ስለማስተምር ግን በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ አነበዋለሁ።

ሚል እ.ኤ.አ. በ1863 መጽሐፍ ሆኖ በወጣው «ዩቲሊታሪያኒዝም» (ትክክለኛ ተግባር የሁሉንም ደስታ የሚያበዛው ነው የሚለው አስተሳሰብ) አራተኛ ምዕራፍ ላይ፣ የእያንዳንዱ ሰው ደስታ ለዚያ ሰው መልካም ስለሆነ የሁሉም ደስታ ለሰዎች ድምር መልካም ነው ይላል። ከሳሾቹ «የክፍሉን ባሕርይ ለሙሉው ሰጠ» ይሉታል፤ «ፋላሲ ኦፍ ኮምፖዚሽን» የሚባለውም ይኸው ሕጸጽ ነው።

የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዕቃ ቤት ውስጥ የተደረደሩትን አግዳሚ ወንበሮች እንይ። እያንዳንዱን አንድ ጎረምሳ ብቻውን ስለሚሸከመው ክምሩንም ይሸከመዋል ብንል ተሳስተናል፤ እያንዳንዱ ከእንጨት ስለተሠራ ክምሩም የእንጨት ነው ብንል ግን ስሕተት የለብንም። የሁለቱ ክርክር ቅርጽ አንድ ሆኖ የሚለያቸው የባሕርዩ ዓይነት ነው፤ ይህ ሕጸጽ በቅርጽ ከሚታወቁት ሕጸጾች ጋር የማይመደበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መልካምነት እንደ ክብደት ነው ወይስ እንደ እንጨትነት? የቅሬው አባል ሁሉ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን እንዲተከልለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የጎረቤቱንም ድንኳን እንደ ራሱ ይፈልጋል ማለት ግን አይቻልም፤ ይህማ ቢሆን ከለቅሶ የቀረ አባል ለምን ይቀጣ ነበር? ሚልም ይህን አላለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ለሄንሪ ጆንስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የአንዱ ደስታ ለሌላው ሁሉ መልካም ነው ማለቱ እንዳልነበረ፣ የዚህም የዚያም ደስታ መልካም ከሆነ ድምሩም መልካም መሆን አለበት ማለቱ ብቻ እንደሆነ ገልጿል።

የክርክሩ ክፍተት ያለው «ድምሩ መልካም ነው» ከሚለው «እኔ ለድምሩ መሥራት አለብኝ» ወደሚለው በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ሲፈልግ ጠቅላላውን የሚፈልግ አንድም ሰው ላይኖር እንደሚችል ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ሄንሪ ሲጅዊክ አሳይቷል። ሲጅዊክ ግን ራሱም ዩቲሊታሪያን ስለነበር፣ የጎደለውን መሻገሪያ ማስረጃ በማያሻው የአእምሮ ግንዛቤ ሊሠራው ሞከረ።