«መቋቋም» ምንድን ነው?

ስለ ጀማሪ ሴት የዩኒቨርሲቲ መምህራን በተነሣ ቁጥር «ችግሩን ተቋቁመውታል» ሲባል እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «የሚያማርሩት ያልቻሉት ናቸው፤ የቻሉትማ ዝም ብለው ይሠራሉ» ብለው መጻፋቸውን በማንበቤ፣ በሥነ ልቡና ሙያ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የስሕተቱ ሥር ቋንቋችን ውስጥ አለ። በአማርኛ «ቻለች» ስንል «አቅም አላት» ማለታችንም፣ «ታገሠች» ማለታችንም ሊሆን ስለሚችል ዝምታ ብቃት መስሎ ይታያል። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 የሰጡት ትርጓሜ ግን መቋቋምን ከውጤቱ ይለየዋል፦ ከአቅሙ በላይ መስሎ የታየውን ጫና ለመያዝ ሰው በአሳቡም በተግባሩም የሚያደርገው፣ እንደየሁኔታው የሚለዋወጥ ጥረት ነው። ጥረቱ ባይሳካም መቋቋምነቱ አይቀርም።

እንስራ ያዘለችን ሴት እናስብ። ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ትንፋሽ መሰብሰቧ፣ የማዘያውን ገመድ ማስተካከሏ፣ መንገደኛውን «አሸክመኝ» ማለቷ፣ ዳገቱን ትታ ዙሪያውን መሄዷ፣ ቤት ስትደርስም «ነገ ወንድሜ ይቅዳ» ማለቷ ሁሉም መቋቋም ነው። አስተያየት ሰጪው የቆጠሩት ሳታርፍ ቤት የደረሰችውን ብቻ ነው።

አንዲት ባልደረባዬ ረዳት ሌክቸረር ሆና በተቀጠረችበት ዓመት በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ሁሉ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ይሏት ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከስብሰባ ስትወጣ አንዲት አንጋፋ መምህርት ቢሮ ገብታ ታለቅስ ነበር፤ በሁለተኛው ሴሚስተር ግን ቃለ ጉባኤው በተራ እንዲያዝ አጀንዳ አስያዘች። ልቅሶው በስሜቱ ላይ፣ አጀንዳው በችግሩ ላይ ያተኮረ መቋቋም ነው። የፊተኛውን ድካም፣ የኋለኛውን ጥንካሬ ብሎ መክፈልን አልቀበልም፤ የሥራ ድልድሉን የሚወስነው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ለጊዜው በእጇ ያለው ስሜቷን ማስታገስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መቋቋምን ስለምንለካበት መሣሪያም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። 28 ጥያቄዎች ያሉትን አጭሩን የመቋቋም መጠይቅ (Brief COPE) ብንወስድ፣ የሚመዘግበው ተጠያቂዋ ስለ ራሷ የተናገረችውን ነው፤ ወደ አማርኛ ሲተረጎም «ቻልኩት» የሚል ቃል ከገባበት ደግሞ አቅምና ትዕግሥት በአንድ ነጥብ ይደመራሉ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መጠይቁ የሚታደለው በሥራ ላይ ላሉት መምህራን መሆኑ ነው፤ ለቀው የሄዱት ምን እንደሞከሩ የሚጠይቃቸው የለም።