የመሀል አዲስ አበባ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አልበሞች

የቤተሰብ ፎቶግራፍ አልበም በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በካዛንቺስ በቆዩ ቤቶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ በቡፌ መሳቢያ ወይም በቁም ሣጥን ተቀምጦ የሚገኝ፣ የአንድን ቤተሰብ ክርስትና፣ ትምህርት፣ ሠርግ፣ ሥራና ኀዘን በምስል ያከማቸ የግል መዝገብ ነው። የከተማዋ የጽሑፍ ታሪክ በአመዛኙ የቤተ መንግሥትና የመሥሪያ ቤቶች ታሪክ በመሆኑ፣ ተራው ነዋሪ ምን ይለብስ፣ የት ይዝናና፣ ሳሎኑን በምን ያስጌጥ እንደነበር ለማወቅ ከአልበም የተሻለ ምንጭ እምብዛም አይገኝም። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የተመሠረተው በአራዳና በአካባቢው በሚገኙ አልበሞች ላይ ስለሆነ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዓመታት ሰፋ ያለ ቦታ ይዘዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ1860 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መምጣቱ ይታወቃል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ሙያውን በከተማዋ ካጸኑት መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ፤ በ1890ዎቹ መጨረሻ ገደማ መጥተው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ለተከታዮቹ ነገሥታት አገልግለዋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 የዘለቀው የጣሊያን ወረራ በቤተሰብ አልበሞች ውስጥ የተወው ምስል ጥቂት ነው፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጀምሮ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ብዙ ቤት ከነንብረቱ የተቃጠለ ሲሆን፣ የጭፍጨፋው ምስሎችም በአብዛኛው የጣሊያን ወታደሮች ለራሳቸው ያነሷቸው ናቸው።

ከነፃነት በኋላ ፎቶ ቤቶች በአራዳ ተበራከቱ። በአሮጌ አልበሞች የመጀመሪያ ገጾች ላይ የሚታየው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀለም በተሳለ መጋረጃ ፊት፣ አንድ እጁን በወንበር መደገፊያ ወይም በአበባ ማስቀመጫ ላይ አሳርፎ፣ ሳይስቅ ቆሟል። ሙሉ ቁመናው የሚታይበት ቁም ፎቶ ለዘመድና ለእጮኛ የሚላክ ሲሆን፣ ጉርድ ፎቶ ደግሞ ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ በኋላም ለቀበሌ መታወቂያ የሚፈለግ ነበር። ኮትና ክራባት የሌለው ደንበኛ እንዳይቸገር ባለፎቶ ቤቱ ራሱ ያዘጋጅ ስለነበር፣ አንድ ኮት በተለያዩ ሰዎች ላይ ሲታይ መገረም አያስፈልግም። ነጌቲቭን በእርሳስ እያረሙ ፊትን ማጥራት፣ የጥቁርና ነጭ ፎቶን ከንፈርና ጉንጭ በእጅ ቀለም መቀባትም የተለመደ ሥራ ነበር። አንዳንዶች አልበም የሹማምንትና የነጋዴዎች ቤት ወግ ብቻ እንደነበረ ይናገራሉ፤ ሆኖም በሠራተኛ ሰፈር የልብስ ሰፊዎችና የሾፌሮች አልበሞች መኖራቸው ይህን አባባል በፍጹም ያፈርሰዋል። ደሃው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና፣ ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ ፎቶ ቤት ይወስድ ነበር።

1950ዎቹና 1960ዎቹ የአልበም ወርቃማ ዘመን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አነስተኛ ካሜራ በግል መያዝ ሲጀመር ፎቶ ከፎቶ ቤት ወደ አደባባይ ወጣ። በ1953 ከተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ፊት፣ በአምስት ኪሎና በስድስት ኪሎ ጎዳናዎች፣ በአንበሳ ግቢ፣ በለገሐር ባቡር ጣቢያና በግዮን ሆቴል የአትክልት ስፍራ የተነሱ ፎቶዎች በየአልበሙ ይደጋገማሉ፤ ግዮን በተለይ የሙሽሮች ቦታ ነበር። አፍሮ ያበጠረ ወጣት ሰፊ ሱሪ ለብሶ በሰይቼንቶ ታክሲ ላይ ተደግፎ፣ እኅቱ አጭር ቀሚስ ለብሳ፣ እናቲቱ ደግሞ በነጠላ ተሸፋፍና በአንድ ፍሬም ውስጥ ይገኛሉ፤ የአራዳ ልጅ አለባበስ ምን ያህል ከዘመኑ ጋር እኩል ይራመድ እንደነበር ለማየት ይህ ይበቃል። ከእነዚህ ጋር የክፍል ጓደኞች፣ የእግር ኳስ ቡድኖች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችና የእድር አባላት የጋራ ፎቶዎች አሉ። ከፎቶው ጀርባ «ለማስታወሻ ይሁንህ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን፣ ፊርማና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይገኛል። አልበሙ የራሱ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓትም ነበረው፤ ቡና እስኪፈላ እንግዳው እጅ ላይ ይቀመጥና የቤቱ ትልቅ ልጅ «ይቺ የእማማ ታላቅ እኅት ናት፣ ይሄ ደግሞ አሥመራ የነበረው አጎቴ ነው» እያለች ታስረዳለች። እንግዳው አንዱንም ባያውቅ ገጽ መዝለል ነውር ነበር።

ከ1967 በኋላ ያሉት ገጾች ሌላ መልክ አላቸው። ለእድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ለብሰው በገጠር የተነሷቸው ፎቶዎች በብዙ ቤት አሉ። ደርግ በ1969 ባካሄዳቸው የቤት ለቤት አሰሳዎች ጊዜ ግን፣ ብዙ ቤተሰቦች እንደሚናገሩት፣ የልጆቻቸውን የቡድን ፎቶ አቃጥለዋል፣ ቀብረዋል ወይም አንድን ፊት በመቀስ ቆርጠው አውጥተዋል። የንጉሡን ምስል ከሳሎን ግድግዳ አውርደው ከአልበሙ የመጨረሻ ገጽ ኋላ የደበቁም ነበሩ። በአልበሙ ጥቁር ወረቀት ላይ የቀሩት የፎቶ ማዕዘን መያዣዎች ብቻቸውን የሚታዩት በዚህ ዘመን ገጾች ላይ ነው። እርግጥ ነው፣ ባዶ ቦታ ሁሉ የፖለቲካ አይደለም፤ የተፋቱ ባልና ሚስትም መቀስ ያነሳሉ። በመስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩት የሟቾች ምስሎች አብዛኞቹ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለመታወቂያ ሲባል የተነሳ ፎቶ የአንድ ወጣት የመጨረሻ ምስል ሆኖ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ባለቀለም ፎቶ፣ ከዚያም የሠርግ ቪዲዮ፣ በመጨረሻም ስልክ አልበምን በየተራ ተክተዋል።

የአልበም ፎቶ ዘመንን ለመወሰን ትልቁ እንቅፋት የቀን አቆጣጠር ነው። ከፎቶው ጀርባ ያለውን «1962» ባለቤቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፎት ወይም የውጭ ተወላጅ ባለፎቶ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር አትሞት እንደሆነ ካልታወቀ፣ በሁለቱ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በዚህ ጊዜ የተሻለው ምስክር የፎቶው ዳራ ነው። በለገሐር የአንበሳው ሐውልት ካለ፣ ፎቶው ጣሊያኖች ወደ ሮም ከመውሰዳቸው በፊት ወይም ከተመለሰ በኋላ የተነሳ ነው። ተሽከርካሪዎች በመንገዱ ግራ በኩል እየሄዱ ከሆነ ከሰኔ 1956 በፊት ነው፤ በዚያ ወር ትራፊክ ወደ ቀኝ ተዛውሯልና። የሌኒን ሐውልት የሚታይበት ፎቶ ከ1976 እስከ 1983 ባለው ጊዜ የተነሳ ሲሆን፣ የትግላችን ሐውልት ካለበት ከ1977 መጀመሪያ አይቀድምም። የልብስ ፋሽን ግን ታላቅ ለታናሹ ስለሚያወርስ ብቻውን አያስተማምንም።

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የፎቶግራፍ ክምችቶች አሏቸው፤ ነገር ግን ትኩረታቸው በአመዛኙ በነገሥታት፣ በሹማምንትና በታላላቅ ሁነቶች ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት ወጣቶች ከየቤቱ ፎቶ እየተዋሱ፣ በስካነር እየገለበጡና ከባለቤቱ ትረካ ጋር እያሳተሙ ክፍተቱን መሙላት ጀምረዋል። ጉዳዩን አስቸኳይ ያደረገው በ2016 ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች የነዋሪዎች መነሳት ነው። ነዋሪው ወደ ዳር ሲዘዋወር ጠባብ ቤት የማይችለው ዕቃ ይቀራል፣ ጎረቤትም ስለሚበታተን በፎቶው ላይ ያለውን ሰው በስሙ የሚያውቅ ይጠፋል።

አልበሙን ከሚያበላሹት ነገሮች ቀዳሚው የክረምት እርጥበት ነው፤ በቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ ሥር የተቀመጠ ፎቶ ይሻግታል፣ ከጎኑ ካለው ጋርም ይጣበቃል። ከጥቁር ወረቀት አልበሞች በኋላ የመጡት የሚጣበቅ ገጽና የላስቲክ ሽፋን ያላቸው አልበሞች ይበልጥ ጎጂ ሆነው ተገኝተዋል፤ ሙጫው ፎቶውን ከጀርባ ይበላዋል፣ ሲላጥም ጽሑፉን ይዞ ይቀራል። የተጣበቀን ፎቶ በኃይል ማላቀቅ አይገባም። በዲጂታል ለመገልበጥ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ለአብዛኛው መጠን ይበቃል፤ ግን በቅድሚያ ገጹ እንዳለ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ፎቶ፣ መውጣት ለሚችለው ደግሞ ጀርባው መገልበጥ አለበት፤ የፎቶዎቹን ቅደም ተከተል የወሰነው የቤቱ ሰው ራሱ ነውና። ስሞችን በተመለከተ፣ በፎቶው ላይ ከመጻፍ ይልቅ በተለየ ወረቀት ላይ ከገጹ ቁጥር ጋር መመዝገብ ይመረጣል፤ ይህም የቤቱ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ የሚከናወን ሥራ ነው።