«ኢኤስቲ» ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን ደግሞ መጣ። «ቅዳሜ፣ ጁላይ 19፣ 10 ኤኤም ኢኤስቲ» ይላል ጥሪው። አርማው ያምራል፣ እንግሊዝኛው ንጹህ ነው፣ ኮማው ሁሉ ቦታው ላይ ነው። ሰዓቱ ብቻ ልክ አይደለም። ጁላይ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ኢኤስቲ የሚባል ሰዓት የለም። ዋሽንግተንም የለም፣ አትላንታም የለም።

ሥራዬ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ፣ ጥሪና ውል ማረም ነው። ስለ ኮማ ስናገር ሰው ይሰማኛል። ስለ ኢኤስቲ ስናገር ግን «አሁን ይቺን ምን አመጣት?» የሚል ፊት ነው የማየው። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ኢኤስቲ «ኢስተርን ስታንዳርድ ታይም» ነው፤ ከዩቲሲ (የዓለም ሰዓቶች ሁሉ ከሚለኩበት የጋራ ሰዓት) 5 ሰዓት ወደ ኋላ። ኢዲቲ ደግሞ «ኢስተርን ዴይላይት ታይም» ነው፤ በሞቃቱ ወራት ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ የሚሠራበት፣ ከዩቲሲ 4 ሰዓት ወደ ኋላ። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በማርች ሁለተኛው እሑድ ወደ ኢዲቲ ይገባል፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኢኤስቲ ይመለሳል። ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ነው። ካላንደር አውጥታችሁ ቁጠሩ፤ ኢዲቲ 34 ሳምንት ይቆያል፣ ለኢኤስቲ የሚተርፈው 18 ሳምንት ቢሆን ነው። ዓመቱን ሙሉ ኢኤስቲ እያለ የሚጽፍ ሰው የዓመቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ተሳስቶ ነው የሚከርመው።

«ታዲያ ምን ጎደለ? ሰው ይገባዋል» ይሉኛል። ሁሉም አይገባውም። አምና ሐምሌ እዚሁ አዲስ አበባ የምትኖር አስተርጓሚ ልክ እንደዚህ ያለ ጥሪ ደረሳት። ጠንቃቃ ልጅ ናት፤ በግምት አትሄድም። 10 ላይ 5 ጨመረች፤ 15 ሰዓት ዩቲሲ። 3 ጨመረች፤ 18። በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት። አሥር ደቂቃ ቀድማ ዙም ስትከፍት ሰዎቹ እየተሰነባበቱ ነበር። ለካ እነሱ የፈለጉት 10 ሰዓት ኢዲቲ ኖሯል፤ በእኛ 11 ሰዓት ማለት ነው። «አርፍደሻል» ተባለች። ክፍያዋም ቀረ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር የለም፤ የተጻፈውን አነበበች። በሰዓቱ የተገኙት ሌሎቹ ናቸው የተጻፈውን ያላነበቡት። «ኒው ዮርክ ማለታቸው ነው» ብለው ገመቱና ገቡ። አጻጻፉ የቀጣው ጠንቃቃዋን ነው። የሰዓት ማስሊያ ድረ ገጾችም አያድኑም፤ አንዱ ኢኤስቲን እንደተጻፈው ያሰላል፣ ሌላው ኒው ዮርክ ነው ብሎ ይገምትላችኋል።

ይህን ባለፈው ስናገር አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ አለኝ፦ «ስታንዳርድ ማለት እኮ መደበኛ ማለት ነው። ኢኤስቲ የምሥራቁ መደበኛ ሰዓት ነው፣ ወሩ ምንም ይሁን ምን። ለምን ታካብዳለህ?»

የስህተቱ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። ወንድሜ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ብትናገረው ልክ ነበርክ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ከተማ ፀሐይ አናቱ ላይ ስትደርስ 6 ሰዓት ሆነ ይል ነበር፤ ሁሉም የየራሱ ቀትር ነበረው። ባቡር በዚህ መሥራት አልቻለም። ኖቬምበር 18 ቀን 1883 የአሜሪካና የካናዳ ባቡር ኩባንያዎች አገሩን በሰዓት ቀጠና ከፋፈሉት። ያን ጊዜ «ስታንዳርድ» ማለት በእርግጥም የጋራ፣ መደበኛ ማለት ነበር፤ ተቃራኒው የየከተማው የፀሐይ ሰዓት ነው። በ1918 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ቀጠናዎቹንም አጸደቀ፣ «ዴይላይት» የሚባለውንም አመጣ። ከዚያ ወዲህ የስታንዳርድ ተቃራኒ ዴይላይት ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አንተ የሙሉው ስም አድርገህ የያዝከው የግማሹን ስም ነው። እሱም የትንሹን ግማሽ።

አሁንም ካልተዋጠልህ ሰውየውንና ልብሱን ለያይልኝ። ኒው ዮርክ አንድ ሰው ነው እንበል። ሲበርደው ጋቢ ይደርባል፣ ሲሞቀው ነጠላ። ጋቢው ኢኤስቲ ነው፣ ነጠላው ኢዲቲ። ሰውየው ራሱ ኢቲ ይባላል፤ «ኢስተርን ታይም» ብቻ፣ ያለ ስታንዳርድ ያለ ዴይላይት። (ሐምሌ እኛ ጋ ጋቢ የሚያስደርብ ወር መሆኑን አውቃለሁ። እዚያ ግን ሙቀት ነው፤ ምሳሌውን አታበላሹብኝ።) ጁላይ ላይ «ያንን ጋቢ የለበሰውን ሰውዬ ጥራልኝ» ብትለኝ ኒው ዮርክን አላመጣልህም። እሱ ነጠላውን አጣፍቶ ተቀምጧል። የማመጣልህ ጃማይካን ነው። ጃማይካ በዚያ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ጋቢውን አያወልቅም። ፓናማም እንደዚያው። ካንኩን ያለበት የሜክሲኮ ግዛት በ2015 ጋቢውን ደርቦ እስካሁን አላወለቀም። ስለዚህ «10 ኤኤም ኢኤስቲ» ጁላይ ላይ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ አይደለም፤ ኪንግስተን ውስጥ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ኒው ዮርክ 5 ሰዓት ሆኗል።

አየርላንድማ ጭራሽ ሌላ ናት። በሕጓ ስታንዳርድ የተባለው የሞቃቱ ወራት ሰዓት ነው፤ ሲበርድ ከስታንዳርዷ አንድ ሰዓት ዝቅ ትላለች። «ስታንዳርድ መደበኛ ነው» ለሚለው ወዳጄ ይችን ትቼለታለሁ።

ታዲያ ምን እንጻፍ? ኢቲ። በቃ። «10 ኤኤም ኢቲ» ያለ ሰው ማርችም ይሁን ዲሴምበር አይሳሳትም፤ ኤስዋን ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ የተሻለው የከተማ ስም ነው፦ «10 ኤኤም፣ የኒው ዮርክ ሰዓት»። አንባቢው ሌላ አገር ከሆነ የእሱንም ሰዓት አብራችሁ ጻፉለት፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲያሰላ አትተዉት። ስሌቱ ለእኛ እንኳ ቀላል ነው። ኢዲቲ ከሆነ ቁጥሩ ላይ 1 ጨምሩ፣ ኢኤስቲ ከሆነ 2፤ በእኛ አቆጣጠር ይመጣላችኋል። 10 ኤኤም ኢዲቲ 11 ሰዓት ነው፤ 10 ኤኤም ኢኤስቲ 12 ሰዓት። ለአዲስ አበባ ብቻ ነው ታዲያ፤ ሎስ አንጀለስ ላይ እንዳትሞክሩት።

በትክክል ተጽፎ ማየት የሚፈልግ የዲቪን መመሪያ ይክፈት። የዲቪ 2025 ምዝገባ የተከፈተው ኦክቶበር 4 ቀን 2023 እኩለ ቀን ኢዲቲ ነው፤ የተዘጋው ኖቬምበር 7 ቀን 2023 እኩለ ቀን ኢኤስቲ። ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ሆን ተብለው የተጻፉ ናቸው። በመካከል፣ ኖቬምበር 5፣ ሰዓቱ ተቀይሯል። አዲስ አበባ ላይ ምዝገባው የተከፈተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ የተዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት። በመጨረሻው ቀን ካፌ ውስጥ ለተሰለፈ ሰው ይህቺ አንድ ሰዓት ቀላል አይደለችም።

መመሪያው «12 ፒኤም» እንደማይልም ልብ በሉ። «እኩለ ቀን» ነው የሚለው። ኤኤም በላቲን ከቀትር በፊት ነው፣ ፒኤም ከቀትር በኋላ። ቀትር ራሱ ከሁለቱም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ በ2000 እትሙ 12 ፒኤም እኩለ ሌሊት ነው ይል ነበር፤ በ2008 ገለበጠው። እነሱ የተምታታባቸውን እናንተ አትሞክሩት። አልተጠየቅኩም፣ ግን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም።

አሜሪካም ብቻ አይደለችም። ለንደን ያሉ ልጆች ጁላይ ላይ «ጂኤምቲ» (የብርድ ወራት ሰዓታቸውን) ብለው ይልኩልኛል፤ ያው በሽታ ነው፣ ያኔ እነሱ ቢኤስቲ (የብሪታንያ የሞቃት ወራት ሰዓት) ላይ ናቸው። አውሮፓ የሚቀየረው ደግሞ በማርች መጨረሻ እሑድ ስለሆነ በማርች ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የለንደንና የኒው ዮርክ ልዩነት ከ5 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። በዚያ ሰሞን የተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ሳይጠፋ አይቀርም። «አይኤስቲ» የሚለውን አጭር ስም ሕንድም እስራኤልም አየርላንድም ለየራሳቸው ሰዓት ይጠቀሙበታል፤ ቴል አቪቭ ላለ ሰው ስትጽፉ ቴል አቪቭ በሉ። ፊኒክስ ያለ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ አሪዞና ናቫሆ ከሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ግዛት በቀር ሰዓት እንደማትቀይር አትርሱ። ሪያድና ዱባይ ያላችሁ ታድላችኋል፤ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው።

ውል ላይ ግን ሌላ ነው። ጥሪ ላይ ኢኤስቲን ሳገኝ ዝም ብዬ ኤስዋን አጠፋለሁ። ውል ላይ እጄን እሰበስባለሁ። «ሰነዱ እስከ ኦገስት 31፣ 5 ፒኤም ኢኤስቲ ይግባ» ቢል፣ ቃል በቃል ሲነበብ ኒው ዮርክ ላይ 6 ፒኤም ነው። አንዱ 5፡30 ላይ ቢያስገባ አረፈደ ወይስ ደረሰ? ሁለት ጠበቃ ሁለቱንም ይሟገትበታል። ስለዚህ አላርመውም። ጠርዙ ላይ «ኢቲ ማለታችሁ ነው?» ብዬ ጽፌ እልካለሁ፤ መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስም ቀሪውን ገጽ አልነካም።