ፖሊመር ሸክላ፦ ዓይን የሚመኘውና እጅ የሚለምደው

ፖሊመር ሸክላ ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ እንደ ሸክላ ከመሬት የተቆፈረ ጭቃ አይደለም። የፒቪሲ ፕላስቲክ ዱቄት፣ ማለስለሻ ፈሳሽ፣ ማቅለሚያና መሙያ ዱቄት ተዋህደው የሚሠሩት ሊጥ መሰል ነገር ነው። ጠረጴዛ ላይ ቢከርም እንደ ጭቃ ደርቆ አይጠነክርም፤ የሚያጠነክረው የተራ የቤት ኦቨን ሙቀት ነው። ከጅምሩ ታሪኩ ከአሻንጉሊት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለጀርመናዊቷ አሻንጉሊት ሠሪ ለኬተ ክሩዘ ለአሻንጉሊት መሥሪያ ይሆናል ተብሎ ቀረበላት፤ ለፋብሪካዋ ስላልተስማማት ግን ለልጇ ለሶፊ ተወችላት። ሶፊን ቤተሰቦቿ ፊፊ ይሏት ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው «ፊሞ» የተባለው ምርት የስሙን መነሻ ያገኘው ከእሷ ነው። ስካልፒ፣ ፕሪሞ፣ ሰርኒትና ካቶ የሚባሉት ምርቶችም በስፋት ይታወቃሉ። ልስላሴያቸውም የሚፈልጉት የሙቀት ልክም ይለያያል።

አዲስ ገቢ ምን መማር እንደሚፈልግ ቢጠየቅ ውስጡ አበባ የተሣለበት ዶቃ፣ ቀለሙ እንደ ምሽት ሰማይ ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ጉትቻ፣ ወይም ጣት የምታህል እንስሳ ይላል። ማሸት መማር እፈልጋለሁ የሚል አላጋጠመኝም። የሁሉም መሠረት ግን ማሸት ነው። ከፓኬት የወጣው ሊጥ እስኪለዝብ ድረስ በእጅ ይታሻል፣ ወይም ሊጥ በሚያሳሳው የፓስታ ማሽን ደጋግሞ ያልፋል። በደንብ ያልታሸ ሊጥ ሲታጠፍ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ሲጋገርም ደካማ ይሆናል። ሊጡ ለሁለት ታጥፎ በማሽን ሲያልፍ የታጠፈው ወገን መጀመሪያ ካልገባ ደግሞ አየር ይቋጥራል፤ ያ አየር ኦቨን ውስጥ አብጦ ይወጣል። ነጭ ሊጥ የጣትን እድፍና የልብስን ብናኝ ሁሉ ስለሚሰበስብ ሥራ ከፈዛዛው ቀለም ተጀምሮ ወደ ጥቁሩ ይሄዳል።

ከሁሉም ይበልጥ ሰው የሚመኘው ሚሌፊዮሪ ነው፤ ቃሉ በጣሊያንኛ «ሺህ አበባ» ማለት ሲሆን ዘዴው ከቬኒስ የመስታወት ሠሪዎች የተወረሰ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸው ቅርጾች ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ወፍራም ዘንግ ይሆናሉ፤ ባለሙያዎቹ «ኬን» ይሉታል። ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የትም ቦታ ላይ አግድም ቢቆረጥ ፊቱ ላይ ያው ሥዕል ይወጣል። ትልቁ ጥበብ ማቅጠኑ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረትና አምስት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ውፍረቱ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሥዕሉም ሳይጠፋ አብሮ ያንሳል። ይህ የሚሳካው ግን የሁሉም ቀለም ልስላሴ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። ቀዩ ከነጩ ከለሰለሰ ቀድሞ ይሸሻል፤ አበባውም ተጨማዶ ይቀራል። ስለዚህ መጫን የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ ዘንጉ እየዞረ በትንሽ በትንሹ ይጨመቃል፣ ከዚያ ይሳባል። ሁለቱ ጫፎች መበላሸታቸው አይቀርምና ተቆርጠው ይጣላሉ። ካለቀም በኋላ ወዲያው መቁረጥ አይገባም፤ በእጅ ሙቀት የለሰለሰው ዘንግ ጥቂት ሰዓት ካላረፈ ምላጩ ሥር ይጨፈለቃል። ትዕግሥት የሚያጥረን እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ቀለም ቀስ በቀስ ወደ ሌላው የሚለዋወጥበት ሽግግር ከዚህ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጁዲት ስኪነር ያስለመደችው ዘዴ ነው፤ ስሙም በእሷ ይጠራል። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀለሞች ተገጥመው አራት ማዕዘን ይሆናሉ፣ ለሁለት ይታጠፋሉ፣ በማሽን ያልፋሉ። እንዲህ ሃያ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ማጠፍ። አንድ ጊዜ ወደ ጎን የታጠፈ እንደሆነ ሽግግሩ ይበላሻል።

ሞኩሜ ጋኔ የሚባለው ዘዴ ከጃፓን ሰይፍ አስጌጮች የብረት ሥራ የተወሰደ ነው። ስስ የቀለም ንብርብሮች ከላይ በመሣሪያ ተጨቁነው ስስ ስስ እየሆኑ ሲላጡ የእንጨት ውስጥ መስመር የሚመስል ነገር ይወጣል። በድንገት የሚመጣ ውበት ስለሆነ ጀማሪን አያሳፍርም። ትንንሽ ሐውልት መሥራት ለሚሹ ደግሞ ውስጡን በሽቦና በተጨማደደ የአልሙኒየም ፎይል መደገፍ ሊጡንም ይቆጥባል፣ ከመሰንጠቅም ያድናል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው እሮሮ «ለምን ተሰበረብኝ?» የሚለው ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኦቨኑ ውስጥ ነው። የሚፈለገው ሙቀት እንደ ምርቱ ከ110 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ትክክለኛው በፓኬቱ ላይ ይጻፋል። ለ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ግማሽ ሰዓት የተለመደ ልክ ነው። የኦቨኑ ማዞሪያ 130 ቢልም ውስጡ 110 ወይም 150 ሊሆን ይችላልና፣ ከጌጠኛ መሣሪያ ሁሉ በፊት መገዛት ያለበት ውስጡ የሚቀመጥ የሙቀት መለኪያ ይመስለኛል። ሙቀቱ ካነሰ ሥራው ከውጭ የጠነከረ ይመስላል፣ ግን የፕላስቲኩ ቅንጣቶች ስላልተዋሃዱ ቆይቶ እንደ ጠመኔ ይሰበራል። ካለፈ ይጠቁራል። እጅግ ሲጋልማ ፒቪሲው ፈርሶ ጉሮሮ የሚከረክር የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል፤ ያኔ ኦቨኑን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ ከክፍሉ መውጣት ነው። በልኩ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ግን አይጎዳም፤ ፈዛዛ ቀለም እንዳይወይብ ከላይ በፎይል ይሸፈናል። ለዚህ ሥራ የዋለ ቢላ፣ መዳመጫም ሆነ ማሽን ወደ ምግብ አይመለስም።

ያልተጋገረው ትርፍ የሚቀመጥበት ዕቃም ይመረጣል። አንድ ጊዜ በጠንካራ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ትቼው ከሳምንታት በኋላ ሊጡና ሣጥኑ ተጣብቀው አገኘኋቸው፤ ማለስለሻው ፈሳሽ እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያሟሟል። ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት በተሠራ ዕቃ ውስጥ ግን ደህና ይቆያል።

በማጠናቀቂያው ሥራ ላይ የሚያሳስተው የጥፍር ቀለም ነው። ሲቀቡት ያብረቀርቃል፣ ውሎ አድሮ ግን ተጣባቂ ሆኖ አቧራ ይሰበስባል፤ አንዳንድ የሚረጩ ቫርኒሾችም እንዲሁ ናቸው። በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ይሻላል። ቫርኒሽ የማይወዱት ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ብናኙ ወደ አፍንጫ እንዳይገባ፣ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ600ና በ800 አልፈው እስከ 1000 ይፈትጉታል፤ ከዚያ በጂንስ ጨርቅ ሲያሹት ምንም ሳይቀባ ያበራል።