ካሜራው በማን እጅ ነው? ስለ ሃውሲንግ አሶሴሽኖችና ስለ ወጣቶች አጫጭር ፊልሞች የሚነገሩ ስሕተቶች

የብሪታንያ ሃውሲንግ አሶሴሽኖች በየሰፈሩ ከወጣቶች ጋር የሚሠሩትን ሥራ በአጭር ፊልም የሚያሳይ ውድድር ተነሣ ሲባል ብዙ ሰው ገና ከመስማቱ ይፈርዳል። አንዱ «ማስታወቂያ ነው» ይላል። ሌላው «ቤት አከራይን ፊልም ምን አገናኘው?» ይላል። ወጣቶቹ ራሳቸው ደግሞ «እኛ ካሜራም የለንም፣ ሙያውም የለንም» ብለው ይተዉታል። እኔን በጣም የሚቆጨኝ የወጣቶቹ መተው ነው፤ ሌሎቹም ስሕተቶች ግን መልስ ይፈልጋሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሃውሲንግ አሶሴሽን የመንግሥት አከራይ ነው፤ ሥራው ኪራይ መሰብሰብ ነው»

የመንግሥት የሚባለው የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ቤት ነው። ሃውሲንግ አሶሴሽን ራሱን የቻለ፣ በአብዛኛው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከወጪ የተረፈውን ለባለ አክሲዮን አያከፋፍልም፤ ቤት ለመሥራት፣ ለማደስና ለነዋሪው አገልግሎት ያውለዋል። «አሶሴሽን» ማለት «ማኅበር» ነው ሲባል ሰምቶ አባላት ገንዘብ አዋጥተው ለየራሳቸው ቤት የሚሠሩበት የሚመስለው ሰው አለ፤ እዚህ ግን ነዋሪው ተከራይ ነው።

ታሪኩ ሩቅ ነው። አሜሪካዊው የባንክ ሰው ጆርጅ ፒቦዲ ለለንደን ድሆች ብሎ በ1862 በሰጠው ገንዘብ የቆመው ድርጅት የመጀመሪያ ሕንፃውን በ1864 በስፒታልፊልድስ ከፈተ፤ ድርጅቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የ1974ቱ የቤቶች ሕግ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ሰፊ የመንግሥት ድጎማ አመጣላቸው። የ1988ቱ ደግሞ ከባንክ እየተበደሩ እንዲገነቡ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ካውንስሎች ቤቶቻቸውን አስረክበዋቸዋል። ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእነዚህ ቤቶች ይኖራል።

ታዲያ ወጣቱ ምን አገባቸው? ተከራዩ በዓመት በሁለት ዓመት የሚለቅ መንገደኛ አይደለም። ብዙው ቤተሰብ እዚያው ልጅ ወልዶ፣ እዚያው አሳድጎ ይድራል። በሌላ በኩል ከ2010 ወዲህ የእንግሊዝ ካውንስሎች ለወጣቶች አገልግሎት የሚያወጡት ገንዘብ፣ የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ፣ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። በየሰፈሩ የወጣት ማእከል ተዘግቷል። ከትምህርት ቤት መልስ የሚኬድበት ቦታ ሲጠፋ ልጆች ደረጃ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ጎረቤት ይሰጋል፣ ለአከራዩ አቤቱታ ይጎርፋል። አከራዩ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የጥበቃ ካሜራ መጨመር ነው። ሌላው የጋራ አዳራሹን ከፍቶ የቦክስ ክበብ፣ የሙዚቃ ስቱዲዮ፣ የሥራ ልምምድ ማስጀመር ነው። ፊልሞቹ ሊያሳዩ የሚገባቸው ይህን ሁለተኛውን መንገድ የመረጡትን ነው።

«አከራይ ገንዘብ ያወጣበት ፊልም ማስታወቂያ ነው»

ሊሆን ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ተናግሮ፣ ሎጎው ወጥቶ፣ ልጆቹ ከኋላ ኳስ ሲራገጡ ብቻ ከታዩ፣ ያ ማስታወቂያ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ገንዘብ ከየትም ይምጣ ፊልም ሁሉ ማስታወቂያ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1935 በምሥራቅ ለንደን በስቴፕኒ ስለ መኖሪያ ቤት ችግር የተሠራ አጭር ዘጋቢ ፊልም አለ። ወጪውን የሸፈነው የጋዝ ንግድ ማኅበር ነበር፤ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ ጋዝ እንዲገባባቸው ይፈልግ ነበርና ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሆኖም ዛሬ ድረስ የሚታወሰው በጋዙ አይደለም። በተፋፈጉ ክፍሎች የሚኖሩ ተራ ሰዎች ካሜራው ፊት ቆመው ስለ አይጡ፣ ስለ ትኋኑ፣ ስለ ፈረሰው ደረጃ በራሳቸው አንደበት በመናገራቸው ነው። በዚያ ዘመን የድሃ ሰው ድምፅ እንዲህ በቀጥታ ሲሰማ ብርቅ ነበር።

ስለዚህ ገንዘቡን ማን ሰጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ግን እዚያ ላይ አይቁም። ጥያቄውን ማን አወጣ? የትኛው ቀረጻ እንዲቆረጥ ማን ወሰነ? የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ «ይህ ትዕይንት ውሸት ነው፣ ይውጣ» ስትል የሚሰማት አለ? እኔ የማውቀው ሌላ መመዘኛ የለም።

«ቅሬታ ያለበት ፊልም ድርጅቱን ያዋርዳል፣ ጥሩ ጥሩው ይታይ»

በጣም የማልስማማበት ይህ ነው። በ2020 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻክ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን ሞተ። ጉዳዩን የመረመረችው ዳኛ በ2022 እንዳረጋገጠችው ለሞቱ ምክንያት የሆነው በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ ነው፤ ቤቱ የሃውሲንግ አሶሴሽን ነበር። በ2023 የወጣው የማኅበራዊ ቤቶች ሕግ አከራዮች አደገኛ እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክሉ የሚያስገድድ ክፍል አለው፤ በሕፃኑ ስም የአዋብ ሕግ ይባላል። ክዋጆ ትዌኔቦዋ የተባለው ወጣት ደግሞ በ2021 በደቡብ ለንደን ይኖርበት የነበረውን ቤትና የጎረቤቶቹን ይዞታ በስልኩ እየቀረጸ ለሕዝብ አሳየ። ጉዳዩ በአገሪቱ ቴሌቪዥን ወጣ፤ ተከራዮችም ከየአቅጣጫው ይጽፉለት ጀመር።

ከዚህ በኋላ ቤት ውስጥ ሻጋታ ያለበትን ልጅ አዳራሽ ውስጥ ሲስቅ ብቻ አሳይቶ ማለፍ ተመልካቹን መናቅ ነው። ጎበዝ ድርጅት ሁለቱንም ያስቀርጻል። ጣሪያው ስድስት ወር ሲያፈስ እንደነበረ ያምናል፤ ክበቡ ደግሞ ልጆቹን ከመንገድ እንደሰበሰበ ያሳያል። ተመልካች የሚያምነው እንዲህ ያለውን ነው።

«ስለ ሰፈር ወጣቶች ፊልም ከሆነ ስለ ጩቤና ስለ ጋንግ መሆን አለበት»

ይህን አስተሳሰብ ወጣቶቹም ተውሰውታል። የፊልም ሐሳባችሁን ጻፉ ሲባሉ ብዙ ጊዜ ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ፣ ጨለማ መተላለፊያ፣ ሳይረን ይመጣል። ያዩት ይህንኑ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። የአብዛኛው ልጅ ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። የታመመች እናቱን ሲያስታምም ቆይቶ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ አለ። አሳንሰሩ ሲበላሽ የሰባተኛ ፎቅ አሮጊት ጎረቤቷን ዕቃ ተሸክማ የምታወጣ ልጅ አለች። የመጀመሪያ ሥራውን ለመጀመር ሸሚዝ የሚተኩስ አለ። ለአጭር ፊልም ደግሞ ከትልቁ ርዕስ ይልቅ ትንሹ ይመቻል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ የተለወጠ አንድ ነገር ከታየ ይበቃል። «ፕሮጀክቱ 200 ወጣቶችን ተጠቃሚ አድርጓል» የሚለው ጽሑፍ ለሪፖርት ይቀመጥ።

«ውድ ካሜራ ከሌለ አይሞከርም»

በ2015 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየ ሙሉ ፊልም በአይፎን 5ኤስ ነው የተቀረጸው። ገንዘብ ካለ ለማይክ ይዋል፤ ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። ማቀዝቀዣውን ነቅሎ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ስልኩን ለተናጋሪው አስጠግቶ መቅረጽ ምንም አያስወጣም።

«ከሙዚቃ 30 ሰከንድ መውሰድ ይፈቀዳል»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። የ1988ቱ የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ በሰከንድ የተለካ ነፃ ፈቃድ አልሰጠም። ዜማውም የተቀረጸው ድምፅም ባለቤት አላቸው፤ በፊልም ለመጠቀም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በስቱዲዮው የሚሠሩት ልጆች የራሳቸውን ዜማ ቢያስገቡ ይሻላል፤ ያውም የፊልሙ አካል ይሆናል።

«ወላጅ ፈርሟል፣ አበቃ»

አላበቃም። የሚታወቅ ሰው ያለበት ቪዲዮ በብሪታንያ ሕግ የግል መረጃ ነው፤ መብቱም የልጁ የራሱ ነው። በስኮትላንድ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ይህን መብት ለመረዳት ብስለት እንዳለው በሕግ ይገመታል። ወላጅ ፈርሞ ልጁ ፊቱን ከሸፈነ፣ መልሱ እምቢ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከጥቃት ሸሽታ የመጣች እናትና ልጆቿ በአንድ ሕንፃ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሕንፃውን ስም፣ የመንገዱን ምልክት፣ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ያሳየ አንድ ቀረጻ ያሉበትን ያጋልጣል። ከመታየቱ በፊት ይህን ብቻ እያየ የሚመረምር ሰው ይመደብ።

«ገንዘቡን ያወጣው ድርጅት የፊልሙ ባለቤት ነው»

በብሪታንያ ሕግ የፊልም የመጀመሪያ ባለመብት አዘጋጁ (ፕሮዲውሰሩ) እና ዋናው ዳይሬክተር በጋራ ናቸው። ድርጅቱ አዘጋጅ ቢሆንም፣ ፊልሙን የመራችው ወጣት የድርጅቱ ሠራተኛ ካልሆነች ድርሻ አላት። መብቱ የሚተላለፈው በጽሑፍ ተዋውላ ከፈረመች ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ፊርማ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደባልቆ፣ ሳይብራራ ይወሰዳል። ቀረጻው ሳይጀመር ተቀምጦ መነጋገር ይገባል፦ ድርጅቱ ፊልሙን የት የት ያሳየዋል፣ እሷስ ለፊልም ትምህርት ቤት ማመልከቻዋ ልትጠቀምበት ትችላለች ወይ፣ ያልተቆረጠው ቀረጻ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ስሟ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ እንዴት ይጻፋል። ከዚያ ወረቀቱ ይፈረም፣ አንድ ቅጂም እሷ ትያዝ።